ለሁለት ሰው የተሰላ ዋጋ

ሰሞኑን መወሰን የሚባል ነገር አስጠልቶኛል። ትልልቁ አይደለም፤ ትልልቁን ማሳደር ይቻላል። ለየትኛው መልእክት ቀድሜ ልመልስ፣ ለማን ልደውል፣ የቱን ጫማ ላድርግ የሚሉት ጥቃቅኖች ናቸው የጨረሱኝ። እንዲህ ለሆነ ሰው የፕሪሚየም ቡድን ጉዞ ብሮሹር መላክ ግፍ ነው። ትልቋ እህቴ ግን ላከችው። ከሥሩ «ዝም ብለሽ ክፈዪና ሂጂ፤ እነሱ ያስቡልሽ» የሚል አለበት።

እውነቷን ነው፤ የሚሸጠው ይኸው ነው። ባሕሩም ተራራውም ለሁሉም እኩል ነው፣ ፕሪሚየም የሚባል የፀሐይ መጥለቅ የለም። ገንዘቡ የሚከፈለው ሌላ ሰው እንዲያስብ ነው። እንግዲህ ከሚታሰበው ውስጥ የቱን እኔው ላስበው እችል ነበር? የቱንስ ብሞትም አልችልም? ብሮሹሩን በዚህ ዓይን ማንበብ ጀመርኩ። ፎቶዎቹን ዘልሎ ማለት ነው።

ቀን መቁጠር ይቀድማል። «10 ቀን» ሲባል የመጀመሪያው ቀን መድረሻ፣ የመጨረሻው መመለሻ ነው። ማታ 2 ሰዓት አርፎ ከቡድኑ ጋር እራት የቀረበ ሰውም፣ ጠዋት 1 ሰዓት ወደ አየር ማረፊያ የተሸኘ ሰውም ሙሉ ቀን ይቆጠርበታል። 8 ቀረ። ቀጥሎ አንድ ሌሊት ብቻ የሚታደርባቸው ከተሞች ይቆጠራሉ። እንዲህ ያለ ከተማ ማለት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መቀስቀስ፣ 1 ሰዓት ላይ ሻንጣ በር ላይ ማውጣት፣ 2 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ውስጥ መገኘት ማለት ነው። ሻንጣው ከማታ ጀምሮ ይውጣ የሚሉም አሉ፤ ያን ጊዜ የሌሊት ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ መድኃኒትና ፓስፖርት የሚይዝ ትንሽ ቦርሳ የግድ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ያለ ማለዳ ከሦስት በላይ ካለ ጉዞው የተሠራው ለካርታው ነው፣ ለሰው አይደለም።

ከዚያ ኪሎ ሜትር። ብሮሹር «ውብ የመንገድ ጉዞ» ይላል እንጂ ስንት ሰዓት እንደሆነ አይናገርም። ትልቅ አውቶቡስ ከነማቆሚያው በሰዓት ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ቢታሰብለት በቂ ነው፤ ተራራማ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። 420 ኪሎ ሜትር ከ6 እስከ 7 ሰዓት ወንበር ላይ ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ ሾፌር በቀን 9 ሰዓት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ደግሞ 10 ሰዓት ነው መንዳት የሚችለው። በየ4 ሰዓት ተኩሉ 45 ደቂቃ ያርፋል፤ በመደበኛው ደግሞ በየቀኑ 11 ተከታታይ ሰዓት እረፍት አለው። ይህ የሾፌሩ ጉዳይ ይመስላል፤ ግን ማታ ላይ የኛም ጉዳይ ይሆናል። ሆቴሉ ከከተማው 12 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ከሆነ እራት ተበልቶ ከተማውን በሌሊት ልይ የሚል ሰው አውቶቡሱን አያገኘውም፤ ሾፌሩ እረፍት ላይ ነው። ስለዚህ የሆቴሉ ኮከብ ሳይሆን አድራሻው ነው መታየት ያለበት። «ወይም ተመሳሳይ ደረጃ ያለው» የምትለዋ ሐረግ ካለች ደግሞ ተመሳሳይነቱ በደረጃ ነው ወይስ በቦታም ጭምር ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ሽንት ቤት እንምጣ፤ የፕሪሚየሙን ዋጋ ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው እሱ ነው። መንገድ ዳር ያለ ማረፊያ ሁለት ሽንት ቤት አለው እንበል፣ ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ እንስጥ። 40 ሰው 40 ደቂቃ ይፈጅበታል። 16 ሰው 16 ደቂቃ። በቀን ሦስት ጊዜ ከተቆመ አንደኛው ቡድን ሁለት ሰዓት ወረፋ ላይ ያሳልፋል፤ ሌላው 48 ደቂቃ። ከአውቶቡስ መውረድና መውጣቱም፣ የሆቴል ቁልፍ ማደሉም፣ ከመጸዳጃው ያልተመለሱትን ሁለት ሰዎች መጠበቁም በዚሁ ስሌት ይሄዳል። አስጎብኚውም ለ16 ሰው በራሱ ድምፅ ይናገራል፤ ለ40 ሰው የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልገዋል፤ ማዳመጫው ደግሞ ራቅ ሲሉ ወይም ከወፍራም ግንብ ጀርባ ሲያልፉ ይቆራረጣል። ስለዚህ «ፕሪሚየም» ብሎ 38 ሰው የሚጭን ድርጅት የሸጠው ትራስ ነው። ከፍተኛው የሰው ቁጥር በውሉ ላይ ካልተጻፈ ደግሞ «አነስተኛ ቡድን» የሚለው አነጋገር ምንም አያስገድዳቸውም።

ብሞትም የማልችለው የቱ ነው ላልኩት፣ አንዳንድ ቦታ ላይ መልሱን ሕጉ ራሱ ይሰጣል። የኢኳዶሩ ጋላፓጎስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አብዛኞቹ መጎብኛዎች ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ብቻ የሚገቡባቸው ናቸው፤ ለአንድ አስጎብኚ ከ16 ሰው አይበልጥም። ፔሩ ውስጥ ወደ ማቹ ፒቹ የሚወስደው የኢንካ የእግር መንገድም ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል ካልሆነ አይሞከርም፤ በቀን የሚፈቀደው 500 ሰው ሲሆን ተሸካሚዎቹና መሪዎቹም ከዚሁ ውስጥ ናቸው፤ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ደግሞ ለጥገና ይዘጋል። የተራራ ጎሪላ ጉብኝት በአንድ ቡድን ቢበዛ 8 ሰው፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ «በቡድን ወይስ በግሌ» ብሎ ራስን ማድከም ከንቱ ነው። ማወዳደር የሚቻለው ቡድንን ከቡድን ጋር ብቻ ነው።

ባቡር እንደ ልብ በሚገኝበት አገር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስፔን፣ ግራናዳ የሚገኘው የጥንቱ ምሽግ አልሐምብራ የናስሪድ ቤተ መንግሥቶቹ መግቢያ ሰዓት ትኬቱ ላይ ታትሟል፤ ሰዓቱ ካለፈ አለፈ። ሚላኖ ያለውን የመጨረሻው እራት ሥዕል ለማየት የሚሰጠው 15 ደቂቃ ነው። ሁለቱም ቦታ ትኬቱ ቀድሞ ያልቃል እንጂ ለግለሰብ ክልክል አይደለም፤ ትኬት የሚለቀቅበትን ቀን ይዞ መጠበቅ ነው። ለሦስት ግማሽ ቀን የአገሩን አስጎብኚ በግል መቅጠር፣ የቀረውን በባቡር መሄድ ተደምሮ ከጥቅል ጉዞው ዋጋ ጋር ይነጻጸር። ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ግን ሲዘገይ ወይም አድማ ሲመታ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ሰሌዳ የሚያነበው ማነው? እዚህ ላይ ነው ትልቋ የምትረታኝ።

«ይጎበኛል» የተባለው ሁሉ መግቢያው ተከፍሎለታል ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ከውጭ ፎቶ የሚነሳበት፣ በአውቶቡስ መስኮት የሚታይ፣ ተጨማሪ ተከፍሎበት የሚሄዱበት፤ ሦስቱም አንድ ገጽ ላይ ተደባልቀው ይጻፋሉ። ተጨማሪዎቹን አንድ በአንድ ደምሮ ከመነሻው ዋጋ ላይ መጫን ነው። ለአስጎብኚና ለሾፌር የሚሰጥ ቲፕ ተካትቷል ወይስ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ይጠበቃል? ይህችም ትደመር። «ነፃ ጊዜ» የተባለው ከሰዓት በኋላም ተከፍሎበታል፣ ለዚያውም በፕሪሚየም ዋጋ።

ቪዛ ላይ ደግሞ ማንም አያስብልሽም። ድርጅቱ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ውሳኔው የኤምባሲው ነው፣ ቪዛ ተከለከልኩ ማለት ብዙ ጊዜ የራስ መሰረዝ ተብሎ ይቆጠራል። ለሼንገን (በአንድ ቪዛ ለሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ እስከ 15 ቀን ድረስ ነው፤ ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ቢሆንም እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል፤ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለሚታደርበት አገር ነው፤ ሌሊቱ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገባበት። ሙሉ ክፍያው የሚጠየቅበት ቀን ከውሳኔው በፊት የሚውል ከሆነ እዚያ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ነው።

አንዷን ወጥመድ ብቻ ላሳይ። ክሮኤሽያ ከጃንዋሪ 2023 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ሼንገን ውስጥ ናት። ቦስኒያና ሞንቴኔግሮ የሉም። ከክሮኤሽያዋ ዱብሮቭኒክ ተነስቶ ቦስኒያ ያለውን የሞስታርን ድልድይ አይቶ ማታ የሚመለስ የአንድ ቀን ጉዞ ብሮሹሩ ላይ ግማሽ መስመር ነው፤ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ለያዘ ሰው ግን ጠዋት መውጣት እንጂ ማታ መመለስ የለም። ወደ ሞንቴኔግሮዋ ኮቶር የሚደረገውም እንደዚያው። በዱብሮቭኒክና በስፕሊት መካከል ያለው መንገድ ራሱ በቦስኒያዋ ኔዩም በኩል ያልፍ ነበር፤ የፔልዬሻጽ ድልድይ በ2022 ሲከፈት ነው ሳይወጡ መሻገር የተቻለው። ስለዚህ አውቶቡሱ በየት በኩል እንደሚያልፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ የት እንደሚቆም ብቻ አይደለም።

ስለ ውሉ ብዙ አልልም፤ አንብቡት ብቻ። በአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ ሕግ ዋጋው ከ8 በመቶ በላይ ከጨመረ ተጓዡ ያለ ቅጣት መውጣት ይችላል። ሰው ካልሞላ ደግሞ አዘጋጁ ከ6 ቀን የሚበልጥን ጉዞ መነሻው 20 ቀን እስኪቀረው ድረስ መሰረዝ ይፈቀድለታል፤ የተከፈለውን ይመልሳል፣ ካሳ ግን የለም። ለብቻ የተገዛ የአውሮፕላን ትኬት የጥቅሉ አካል ስላልሆነ በዚህ ውስጥ አይገባም። መነሻው መረጋገጡ ሳይነገር የማይመለስ ትኬት መግዛት ትርፉ ጸጸት ነው። ድርጅቱ ቢከስርስ? ቶማስ ኩክ የተባለው የብሪታንያ አስጎብኚ ድርጅት በ1841 የጀመረ ስም ነበር፤ በሴፕቴምበር 2019 አንድ ማለዳ ላይ ሲዘጋ የብሪታንያ መንግሥት 150,000 ገደማ ሰው ከየአገሩ መሰብሰብ ነበረበት። እድሜ ዋስትና አይሆንም፤ ገንዘቡ በዋስትና ፈንድ ወይም በኢንሹራንስ መያዙን የሚያሳይ ወረቀት ነው ዋስትና።

ይህን ሁሉ ደምሬ ቀንሼ ጨርሼ ነበር። ከዚያ ከዋጋው ሥር በትንንሽ ፊደል «ሁለት ሆነው ለሚያድሩ፣ ለአንድ ሰው» የሚለውን አየሁና ሐሳቤ ሁሉ ወደዚያ ሄደ።

ለብቻ የሚሄድ ሰው ጭማሪ አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሆቴል የሚያከራየው ክፍል ነው እንጂ አልጋ አይደለም፤ ሁለተኛው ሰው ከሌለ የሱን ድርሻ አንዱ ይሸፍናል። እስከዚህ ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን አውቶቡሱ፣ አስጎብኚው፣ መግቢያው በኔ ብቸኝነት አይወደድም። ስለዚህ ጭማሪውን ለሌሊቶቹ ቁጥር ማካፈልና ያው ሆቴል በዚያው ቀን ለማንም ከሚሸጠው የክፍል ዋጋ ግማሽ ጋር ማስተያየት ይበቃል። ከግማሹ ከበለጠ ትርፉ ከክፍሉ ሳይሆን ከብቸኛው ሰው ነው። መርከብ ላይ ይብሳል፤ ሁለት ሰው የሚከፍለውን አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። ነጠላ ክፍል ተብሎ የሚሰጠውም ሁልጊዜ የሁለት ሰው ክፍል አይደለም፤ አሳንሰሩ ጎን ያለችው ጠባቧ ልትሆን ትችላለች። ጭማሪ ከፍሎ ጠባብ ክፍል! መጠየቅ ነው።

ጭማሪውን ላለመክፈል ሌላ መንገድ አለ፤ ከማይታወቅ ሰው ጋር ማደር። ድርጅቱ ተመሳሳይ ጾታ ያለው ተጓዥ ያጣምራል። አጣማሪ ካልተገኘ አንዳንዶቹ ክፍሉን ያለ ጭማሪ ይሰጣሉ፤ ሌሎቹ መነሻው ሲቃረብ ጭማሪውን ይልካሉ። የትኛው እንደሆነ ከቅድመ ክፍያው በፊት በጽሑፍ መያዝ አለበት። አጣማሪዋ መሃል መንገድ ላይ ታማ ብትመለስ ወይም ጨርሶ ብንጣላስ? ይህንንም የሚመልስ ውል አልፎ አልፎ ይገኛል።

ቀኑን በሰዓት፣ መንገዱን በኪሎ ሜትር፣ ቡድኑን በሽንት ቤት አካፍዬ የደረስኩት እዚህ ነው፤ የማጣመሪያው ቅጽ ላይ። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ሞላሁ። መብራት በርቶ ይተኛሉ? ሞላሁ። ያጨሳሉ? አላጨስም። ያንኮራፋሉ? አዎ፣ አይ፣ አንዳንዴ።

ብቻዋን የምታድር ሰው ይህን በምን ታውቃለች? ትልቋን እንዳልጠይቃት መልሱን ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማል፤ ለዚያውም እሷ የምታስታውሰው የልጅነቱን ነው። «አይ» ብዬ ብዋሽ አንዲት ምስኪን ለፕሪሚየም እንቅልፍ ከፍላ ልትቀጣ ነው። «አዎ» ብል ከሌላ «አዎ» ካለች ጋር ያጣምሩኛል መሰለኝ። ስልኬን ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ እንዲቀዳ አድርጌ ልተኛ አሰብኩ። ከዚያስ? ስምንት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ማነው?