ከሽሬ ግንባር እስከ ፊታውራሪ መሸሻ

በዚህ ክረምት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለሦስተኛ ጊዜ ሳነብ ልቤ ያረፈው እንደ ቀድሞው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ላይ ሳይሆን በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ነው። ልጆች ሳለን አባቴ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን እያስታወሰ፣ ፊታውራሪው አዲስ ግብር አንከፍልም ባሉ ገበሬዎች ላይ እየፎከሩ ዘምተው በአበጀ በለው እጅ የወደቁበትን ክፍል ሲያወራልን እንስቅ ነበር። አሁን ግን አልሳቅሁም፤ ይህን ክፍል የጻፉት ሰው ራሳቸው የዘመቱ፣ የተሸነፉና የተማረኩ መሆናቸውን እያሰብሁ ነው ያነበብሁት።

የመጽሐፉ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም የቄስ ልጅ ናቸው፤ ቅኔ ተምረው፣ ዘመናዊ ትምህርት ቀስመው፣ በመምህርነት ሲያገለግሉ ጣሊያን ወረረን። በራስ እምሩ ጦር ውስጥ ሆነው በሽሬና በተከዜ በኩል ተዋጉ። ይህ ጦር በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በደምበጉና ድል ቀንቶት ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን፣ ራስ እምሩ ኋላ እንደ መሰከሩት፣ ከአውሮፕላን የተጣሉት ዕቃዎች መሬትና ውኃ ሲነኩ እየፈነዱ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጩ፤ ፈሳሹ የነካው እጅ፣ ፊትና ባዶ እግር ሁሉ በውኃ ቋጠሮ ተሞላ፤ የወንዙን ውኃ የጠጣም ወደቀ። ጀግንነቱ የማይጠረጠር ሠራዊት ጠላቱን ዓይን ለዓይን ሳያይ ሲረግፍ በነበረበት ግንባር የተሰለፈ ሰው ስለ ፉከራ ሲጽፍ፣ ቃሉ ከሌላው ደራሲ ቃል ይልቅ ይከብደኛል።

ሐዲስ ከዚያ በኋላም ወደ ደቡብ ምዕራብ ካፈገፈጉት አርበኞች ጋር ሆነው ተዋግተው ተማረኩ፤ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረው ቆይተው በ1935 ዓ.ም. በጣሊያን ላይ የዘመተው የተባባሪዎቹ ጦር አስፈታቸው።

የሹመታቸው ዝርዝር ረጅም ነው፦ ኢየሩሳሌም፣ ዋሽንግተን፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ የትምህርት ሚኒስቴር፣ የለንደን አምባሳደርነት፣ የልማት ፕላን ሚኒስቴር፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት። ለእኔ ከሹመቱ ሁሉ የሚበልጠው፣ ባላባታዊውን ሥርዓት ከሥሩ የሚመረምር ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ የዚያው መንግሥት ባለሥልጣን መሆናቸው ነው። የልብ ወለዱን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳን በእብድ ስም እያናገሩ ብዙዎች በሹክሹክታ እንኳ የማይደፍሩትን በአደባባይ አሉት። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት በግልጽ የሚጠይቅ መጽሐፍ አወጡ፤ ከአብዮቱ በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት ቢቀርብላቸውም አልተቀበሉም። ሥልጣን ያለፈበትን ዘመን በሥልጣን ናፍቆት ሳያባክኑ «ወንጀለኛው ዳኛ»ንና «የልምዣት»ን ጻፉልን።

የጦርነቱን ዘመን በራሳቸው ስም የሚተርከው «ትዝታ» የታተመው ግን በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ተከዜን ካዩ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎ። አባቴ ይህን መጽሐፍ ሳያነበው አረፈ። ቅጂውን አሁን ከእርሱ «ፍቅር እስከ መቃብር» አጠገብ አኑሬዋለሁ፤ የመሸሻ ምዕራፍ በተደጋጋሚ ከመገለጡ የተነሣ ቅጠሎቹ ከጥራዙ ተላቀዋል።