ስማቸው ያልተጠራ

ጎንደር ማረሚያ ቤት በር ላይ መጀመሪያ የቆምኩት ለአገልግሎት ብዬ አልነበረም። ኅዳር 2010 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ ሚኒባስ ሲነዳ ሰው ገጭቶ ታሰረና ስንቅ የማድረሱ ተራ ለእኔ ደረሰ። ስንቅ ያመላለሰ ሰው ያውቀዋል። በጠዋት ትሰለፊያለሽ፣ መታወቂያ ታስይዣለሽ፣ ምሳ ዕቃውን ትከፍቻለሽ። ፈታሿ «ቅመሺው» ስትልሽ ከእንጀራውም ከወጡም ትጎርሺና ከሽቦው አጥር ጋ ሄደሽ ትቆሚያለሽ። ከውስጥ አንድ ታራሚ እየዞረ ስም ይጠራል፦ «እገሌ! ጠያቂ!»

ስም ሲጠራ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ይላል። የእሱ እንዳልሆነ ሲያውቅ አቀርቅሮ ወደያዘው ነገር ይመለሳል። ጥግ ላይ እግሩን ዘርግቶ ክር የሚያጠነጥን አንድ ጎልማሳ ግን ቀናም አላለም። «ያ ሰውዬ አይሰማም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። የአክስቴ ልጅ «ይሰማል እንጂ። ከገባ አምስት ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ማዳመጡን ትቶታል» አለኝ።

የአክስቴ ልጅ ብዙም ሳይቆይ በዋስ ወጣ። ያ ሰውዬ ግን ከዓይኔ አልወጣ አለ።

የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን፤ በ12 እንሰበሰባለን፤ 14 ነን። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ሲቀዳ ያየሁትን ነገርኳቸው። በዕድሜ ትልቋ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ «ጌታ ታስሬ ነበር ብሎ የለም እንዴ? ይህን ቃል ስንሰማ ኖረን የት ነበርን?» አሉ። የተከራከረ አልነበረም።

ፈቃዱ ሦስት ወር ፈጀ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ፣ ጓደኛው፣ ሐኪሙ፣ ጠበቃውና የሃይማኖት አማካሪው እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። በር ላይ ግን የሚሠራው ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤያችን የአባላቱ ስም ዝርዝር ስላልነበረበት ተመለሰ። ሁለተኛውን ሰበካ ጉባኤው በማኅተም አጽፎ፣ የእያንዳንዳችንን ስምና የመታወቂያ ቁጥር አያይዞ ሰጠን። እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር የምታስቡ፣ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው አያይዙ፤ ሁለት ወር ታተርፋላችሁ።

በዐቢይ ጾም ገባን። 60 ሳሙናና የዳቦ ቆሎ ይዘን ነበር፤ ግቢው ውስጥ ያገኘነው ሰው ከ200 ይበልጣል። ለማን ሰጥተን ማንን እንተው? የደረሰው ተሸማቀቀ፣ ያልደረሰው አዘነ፣ እኛም አፈርን። ይዘነው የሄድነው መምህር ደግሞ ስለ ኃጢአትና ስለ ቅጣት አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረ። ታራሚዎቹ በፀሐይ ቆመው በጨዋነት ሰሙት። ስንወጣ አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙና «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ስለ ጥፋታችንማ ዳኛው ነግሮናል» አሉኝ። ማታ ይህን ለማኅበሩ ስነግር መምህሩ ራሱ አለቀሰ፤ ከዚያ በኋላ ሲያስተምር ከ15 ደቂቃ አሳልፎ አያውቅም።

ሥራችንን የቀየረው ግን ስም ዝርዝሩ ነው። ለማኅበራዊ ጉዳይ ክፍሉ «ስድስት ወር ሙሉ ጠያቂ ያልመጣላቸውን ስጡን» አልናቸው። 23 ሰው ሆነ፤ 19 ወንድና 4 ሴት። ተከፋፈልናቸው። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እንደ ማንኛውም ቤተሰብ ተሰልፈን በስማቸው ማስጠራት ጀመርን። የትምህርቱን ጉባኤ በዓመት ለሁለት በዓላት ብቻ አደረግነው።

ያ ክር የሚያጠነጥነው ሰው ለእኔ ደረሰኝ። ጠሪው ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራው። ሞክሼ አለና ሌላውን መስሎት አልተነሣም። በኋላ ጎረቤቱ ጎሽሞት፣ የሰው ነጠላ ጫማ ተውሶ መጣ። «ማን ላከሽ?» አለኝ። ማንም እንዳልላከኝ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሽቦውን ይዞ ቆየና «ደምቢያ ሽምብራው እንዴት ሆነ?» አለ።

አላውቅም ነበር። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ የተዘጋጀሁት ስለ ነፍሱ ልጠይቀው ነበር። ከዚያ ወዲያ ሊጠየቅ ቀኑ ሲደርስ አስቀድሜ ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ። ከደምቢያ፣ ከቆላ ድባ፣ እህል ይዘው የሚመጡትን ሰዎች ዝናቡን፣ ጤፉን፣ የጣናን ዳር ውሃ እጠይቃለሁ። ስንቁ በሶና በርበሬ ነው፤ ወሬው ግን ለእሱ ከስንቁ ይበልጥ ነበር። በአራተኛው ወር በራሱ አንደበት «ንስሐ አባት ልታመጪልኝ ትችያለሽ?» አለኝ። እኔ አንድም ቀን አንሥቼበት አላውቅም።

ስለ ስንቅ ካነሣሁ፣ ሥጋ አንወስድም። የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ በሚለይበት አገር ሥጋ ይዞ መግባት ሰውን ከማዕድ መለየት ነው። ከ23ቱ አምስቱ ሙስሊሞች ነበሩ። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ሳሙናና ነጠላ ጫማ ሁሉንም ያገናኛል፤ በጾምም በፍስክም አያስቸግርም፤ አይበላሽም። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ወንድሞችና እህቶችም ይመጣሉ። ሳምንቱን ተነጋግረን ስለተከፋፈልን አንዱ ሌላውን አይደርብም።

አሁን የሁለት ጥፋቶቼን ልናገር። ማኅበሩ ትናገሪው ዘንድ ይገባል ስላለ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ከልቤ ስለምፈልግ ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት ነው። አንድ ወጣት ታራሚ «ለእናቴ ስጪልኝ» ብሎ የታጠፈ ወረቀት በሽቦው ሾልኮ እንዲደርሰኝ አደረገ። እናት የሚለውን ቃል ስሰማ አላመነታሁም፤ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። መውጫው ላይ ተፈተሽኩና ተገኘ። ለእናቱ የተጻፈ አልነበረም። በፍርድ ቤት ሊመሰክርበት የተጠራ ሰው ለገበያ ሲወጣ «እንዲያነጋግሩት» ለወንድሞቹ የተላከ መልእክት ነበር። ማኅበራችን ለአራት ወር ታገደ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የተቀጡት ግን እነዚያ 23ቱ ናቸው። ምስክሩ ላይ ሊደርስ ይችል የነበረውን ሳስብ ዛሬም ሌሊት ያባንነኛል። አሁን አዲስ አባል ሲመጣ ቀድመን የምንነግረው ይህን ነው፤ በኃላፊዎች እጅ ያላለፈ ብጣሽ ወረቀት አናስገባም፣ አናስወጣም፤ የስልክ ቁጥር እንኳ ቢሆን።

ሁለተኛው ይብስብኛል። አንዲት የጃናሞራ ሴት ነበረች። የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ ነው የታሰረችው፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ከጎረቤት ቀርታለች። «ልጄ በሕይወት መኖሯን ብቻ አረጋግጪልኝ» አለችኝ። እኔም «በሚመጣው ወር ወሬዋን ይዤ እመጣለሁ» አልኳት። በማግሥቱ እናቴ ታመመች፤ ሆስፒታል ተኛች፤ ሁለት ወር አልሄድኩም። ስመለስ ስሟን አስጠራሁ፤ አልመጣችም። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተጠራ። በመጨረሻ የክፍሏ ልጅ መጣችና «አልወጣም ብላለች። ሁለቱንም ቅዳሜ ጸጉሯን ሹሩባ አሠርተናት ስትጠብቅሽ ዋለች» አለችኝ።

በሳምንቱ ወደ ደባርቅ ወጣሁ። ከዚያ በጭነት መኪና፣ በስሜን ተራሮች በኩል፣ በቧሂት ብርድ አልፌ ጃናሞራ ገባሁ። ልጅቷ ደህና ነበረች፤ በግ ትጠብቃለች። ፎቶ አነሣኋት፤ ጎንደር ስመለስ አሳጠብኩትና በኃላፊዎቹ በኩል አስገባሁት። በቀጣዩ ቅዳሜ ስሟ ሲጠራ ወጣች። ምንም አላለችም፤ ፎቶውን ከደረቷ አውጥታ አሳየችኝ፣ እኔ ያላየሁት ይመስል።

ከዚያ ወዲህ ለአንድ ታራሚ ሁለት ሰው እንመድባለን፤ አንዷ ብትታመም ሌላዋ ትሄዳለች። ቃል አንገባም። «እንሞክራለን» እንኳ አንልም፤ እስር ቤት ውስጥ «እንሞክራለን» ማለት «ይሆናል» ተብሎ ነው የሚሰማው። የምንለው አንድ ብቻ ነው፦ «የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሁለታችን አንዳችን እንመጣለን።» ይህችን ለመጠበቅ ሰርግም ለቅሶም የቀረብን ጊዜ አለ።

በምን እንደታሰሩ አንጠይቅም። ስለ ፍርድ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የውሳኔ ግልባጭ ደርሷቸው እንደሆነ፣ ከደረሳቸውም መቼ እንደሆነ። ይህን ያስተማረችን ማንበብ የማትችል ሴት ናት፤ ግልባጩን ስምንት ወር ፍራሽ ሥር አስቀምጣው ነበር። በወንጀል ጉዳይ የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን፣ ማመልከቻው ደግሞ ግልባጩ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት የነገራት አልነበረም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ወደዚያ ወሰድነው። ጊዜው ያለፈበትን ምክንያት አስረድተው አስፈቀዱላት፤ ቅጣቷም ተቀነሰ። የጸሎት ማኅበር ስለሆንን ቀን መቁጠር የእኛ ሥራ አይመስለን ነበር።

በ2011 ዓ.ም. በአንድ አባላችን ዘመድ በኩል ከባሕር ማዶ አምስት እንግዶች መጡ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ልብስ በሻንጣ ሞልተው፣ ካሜራ ይዘው ነበር። ካሜራው በር ላይ ቀረ። አንዷ እንግዳ በአስተርጓሚ አንዲትን ታራሚ «ምን ሠርተሽ ነው?» አለቻት። በአገሯ እንዲህ መጠየቅ መቅረብ ይሆን ይሆናል። ታራሚዋ ለእንግዳ እንቢ ማለት ነውር ስለሆነባት ሁሉንም ተናገረች፤ ያን ሌሊት ሲያጽናኗት አደሩ። ማስጠንቀቅ የነበረብን እኛ ነን፤ እንግዳ አገሩን አያውቅም። እንግዶቹ ሊመለሱ ሲሉ ግን አንዱ ሽማግሌ «ከልብስ ይልቅ ምን ይሻላችኋል?» አሉ። «የመኪና ገንዘብ» አልናቸው። ከኳራ፣ ከመተማ፣ ከጃናሞራ እናትና ልጅ ጎንደር ደርሶ የሚመለስበት፣ አንድ ሌሊት የሚያድርበት። እስከ ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ይልካሉ። ባዕድ ሆኜ ስም ያስጠራሁለት ሰው በገዛ እናቱ ሲጠራ ከማየት የሚበልጥ ደስታ በዚህ ሥራ አላገኘሁም።

መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ ጥየቃ ተዘጋ። በየሰዉ ስም ትንሽ ካርድ ጽፈን፣ ሳይታሸግ፣ ኃላፊዎቹ እያዩት ከሳሙና ጋር ላክን። የምንጽፈው ስማቸውንና «አልረሳንም» የሚል ብቻ ነበር። ጥር ላይ ደግሞ ከጥምቀተ ባሕሩ ጠበል በሃይላንድ ቀድተን ወሰድን፤ ፈታሿ «ቅመሺው» አለችኝ፤ ጠጣሁ፤ ከዚያ እሷም እጇን ዘርግታ ተቀብላ ግንባሯን ቀባች።

የደምቢያው ሰው የተፈረደበት 15 ዓመት ነው፤ ሰው ገድሎ። ሕጉ ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ለጨረሰና ጠባዩ ለተመሰከረለት አመክሮ ይፈቅዳል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አሥር ዓመቱ ሞላ። እኛ ለመውጫው ጋቢና ጫማ ገዝተን ስንጠብቅ እሱ «ባልወጣስ?» አለኝ። የሟች ወንድም ደምቢያ አለ፤ ደም አልደረቀም። ስለ መግባት እንጂ ስለ መውጣት አስበን አናውቅም ነበር። እርቁ ገና እስር ላይ ሳለ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት መጀመር ነበረበት። አሁን አመክሮው ሦስት ዓመት ለቀረው ሁሉ ሽማግሌ መፈለግ እንጀምራለን፤ የሁለቱንም ወገን ንስሐ አባት እንይዛለን።

እሱ ወጥቶ ደምቢያ አልገባም። አዘዞ አንድ ክፍል ተከራየንለት፤ በእስር የተማረውን ሽመና ይሠራል። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ ሄደው ተመለሱ፤ ወንድምዬው በሩን አልከፈተም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንገዱም ተበላሸና ብዙ ወራት መሄድ አልተቻለም። ሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ ደጅ ላይ አስቀመጣቸው። በሦስተኛው ወደ ቤት አስገባቸው፤ «የወንድሜን ስም በፊቴ አታንሡ» አለ፤ ግን ጠላ ቀድቶላቸዋል። ይህን ስነግረው የደምቢያው ሰው መወርወሪያውን አስቀምጦ «በየትኛው ዋንጫ ነው የቀዳላቸው? በእንግዳው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አላወቅሁም። አስተርዮ ማርያም ካለፈች በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደገና ይወርዳሉ፤ እስከዚያ እጠይቅለታለሁ።