የእናቴ ፎቶ አራት ጊዜ ታተመ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድ ፎቶ ሳትም ዋልኩ። አንድ ብቻ፣ የእናቴን። ጥቁር ሻርፕ አድርጋ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ ሳታውቅ ያነሳኋት ናት።

መጀመሪያ የሚያብረቀርቀውን ወረቀት፣ ግሎሲውን፣ አስገባሁ። ሲወጣ ደስ አለኝ። ሻርፑ ድቅድቅ ጥቁር፣ ፊቷ ቁልጭ ያለ። ልሰቅለው ያሰብኩበት ግድግዳ ላይ ሳስደግፈው ግን የሳሎኑ መስኮት ግንባሯ ላይ ቁጭ አለ። ፊቷን ለማየት አንገቴን ማጣመም ሊኖርብኝ ነው። በዚያ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ጥጉ ላይ ቀርቷል።

ወደማያብረቀርቀው ማት ዞርኩ። ከጥጥ የተሠራ፣ በካሬ ሜትር 310 ግራም የሚመዝን ወረቀት ነው። ተራው የቢሮ ወረቀት 80 ግራም ነውና ይሄ ሲይዙት ካርቶን ካርቶን ይላል። በችኮላ ገልብጬ አስገባሁት። ቀለም የሚይዘው ሽፋን ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ጥጉን በትንሹ በረጠበ ጣት ነካ ሲያደርጉት ጣት ላይ ያዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ይህን አውቃለሁ እኮ! በጣቴ ስነካው የእናቴ ጉንጭ ወደ ጆሮዋ ተጎተተ።

ሦስተኛው በትክክለኛው ገጽ ታተመ። ሻርፑ ግን አመድ መሰለ። ማት ወረቀት ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትነው ጥቁሩ የግሎሲን ያህል አይጠልቅም፤ ይህ ያለ ነው። ይህኛው ግን በዛ። ለካ ሴቲንጉን ግሎሲ ላይ ትቼዋለሁ። ፕሪንተሬ ሁለት ዓይነት ጥቁር ቀለም አለው፣ አንዱ ለሚያብረቀርቅ፣ ሌላው ለማት። ወረቀቱን ካልነገርኩት በምን ይወቅ?

አስተካክዬ አራተኛውን አተምኩ። ሻርፑ ወደ ጥቁርነቱ ተመለሰ፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ይበቃኛል። ወረቀቱ ራሱ ትንሽ ክሬም ስለሚል የእናቴ ቆዳ ሞቅ ብሏል። ግሎሲው ላይ ፊቷ ለምን ቀዝቀዝ እንዳለብኝ ያኔ ገባኝ፤ ያ ሰማያዊ የሚመታው ንጣት ከማንጫ ኬሚካል የሚመጣ ነው። ኬሚካሉ በጊዜ ብዛት ኃይሉን ስለሚያጣ ወረቀቱ ወደ ቢጫ ሊሄድ ይችላል። ለዓመታት ለሚሰቀል ፎቶ አልፈልገውም።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ቀለሙ ደህና አድርጎ ሳይደርቅ መስታወት ውስጥ ካስገባሁት እርጥበቱ መስታወቱን ጉም ያለብሰዋል። እስከ ነገ ይቆይ።

ግሎሲውንም አልጣልኩትም፤ አልበም ውስጥ ይገባል። እማዬ መጥታ ሁለቱን ባሳያት የምትመርጠው እሱን ነው። «ይሄኛው ያበራል» ትለኛለች።