ከአዲስ አበባ የሚቆጠር ርቀት

ከአራት ኪሎ ተነሥቼ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ሽቅብ ስራመድ፣ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝን ነገር አሰላስል ነበር፤ ይኸውም የዘረመል ተመራማሪዎች የዓለምን ሕዝቦች ሲያነጻጽሩ ብዙ ጊዜ ርቀታቸውን የሚለኩት ከዚህችው ከአዲስ አበባ መሆኑ ነው። ልኬቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት እንደሚታየው ቀጥታ መስመር አይከተልም፤ የጥንቱ ሰው በአመዛኙ በየብስ ተጉዟል ተብሎ ስለሚታሰብ በካይሮ በኩል ዞሮ ይወጣል፣ ወደ አሜሪካም የሚሻገረው በሩሲያ ምሥራቃዊ ጫፍ ባለችው በአናዲር ነው። ከተማችን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የተቆረቆረች ናትና መነሻ የሆነችው ለስሌት ያህል ነው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ መንገዱ በረዘመ ቁጥር የሕዝቦቹ የዘረመል ብዝኀነት እየሳሳ ሄዶ በደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ተገንጥሎ የሄደ ጥቂት ሰው፣ ከጎተራ በእፍኝ እንደተዘገነ ዘር፣ የተነሣበትን ሕዝብ ልዩነት ሁሉ ይዞ አይሄድም።

በሙዚየሙ ሰው ሁሉ የሚጎርፈው ወደ ድንቅነሽ ነው። ሆኖም የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ የእኛን ዝርያ እጅግ ስለምትቀድም የዛሬ ሕዝቦች እንዴት ተለያዩ ለሚለው ጥያቄ የምትሰጠው መልስ ጥቂት ነው፤ ብዙም አልቆየሁ።

በስድስት ኪሎ አልፌ ሽሮ ሜዳ ስደርስ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች መንደር ገባሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሙሉ ዘረመሉ ይፋ የሆነው የ4,500 ዓመቱ ሰው የተገኘው በዚያው በጋሞ፣ በሞታ ዋሻ ነው፤ ከዛሬዎቹ ሕዝቦች እጅግ የሚቀርቡትም በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት አሪዎች ናቸው። በአሪ ዘንድ ገበሬውና ቀጥቃጩ ጎረቤት ሆነው ሳሉ አይጋቡም ነበር፤ ዘረመላቸውም ተለይቶ በመታየቱ፣ ቀጥቃጮቹ የቀደመ ሌላ ሕዝብ ቅሪት ሳይሆኑ አይቀሩም ያሉ ነበሩ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ግን ሁለቱ ከአንድ ምንጭ እንደመጡና ልዩነቱን የፈጠረው ቀጥቃጮቹ ተገልለው በጥቂት ሰው መካከል ሲጋቡ መኖራቸው እንደሆነ አመለከተ። በእኔ ግምት ተራራና ሸለቆ ያን ያህል በቅርብ የሚኖሩ ሰዎችን ለመለየት አቅም የላቸውም፤ የለያያቸው የጋብቻው ክልከላ ነው። በአንጻሩ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያጋባው ልማድ ሰዎችን ከሩቅ በማጋባት የተቃራኒውን ሥራ ይሠራል።

አንድ አዛውንት ሸማኔ ልጆቻቸው ከሙያው ሰው ጋር ይጋቡ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «በአባቶቻችን ጊዜ እንዲያ ነበር፤ አሁን የልጄ ባል የወለጋ ሰው ነው» አሉኝ። በትውልዶች መገለል የተጠራቀመው ከእናትም ከአባትም አንድ ዓይነት ሆኖ የሚወረስ ረጅም የዘረመል ክፍል፣ ዝምድና ከሌላቸው ወላጆች በሚወለድ ልጅ ላይ በአንድ ትውልድ ይጠፋል።