ከተሻለኝ ብዬ ነበር

ባለፈው ሳምንት የድሮ ጃኬቴን ኪስ ስፈትሽ የመድኃኒት መከታተያ ካርዴ እጄ ገባ። የሳንባ ነቀርሳ ታምሜ መድኃኒት የወሰድኩበት ነው። የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት፣ የቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት። እያንዳንዱ ቀን ምልክት ተደርጎበታል። አንድም ቀን አላጓደልኩም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ካርዱን ብዙ አየሁት። ስለቴ ትዝ አለኝ።

ሆስፒታል የተኛሁ ሰሞን ነው። አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮኝ መተኛት አቃተኝ። ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩና "ፈጣሪዬ፣ ከዚህ ካወጣኸኝ ጠያቂ የሌለውን በሽተኛ እየሄድኩ እጠይቃለሁ" አልኩ። ለምን ይህን እንደተሳልኩ አውቀዋለሁ። ጎኔ የተኛው ሰውዬ የሚጠይቀው አልነበረም። የጥየቃ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር።

ዳንኩ። ተመስገን።

መጀመሪያ ጉልበቴ ይመለስ አልኩ። ተመለሰ። ሥራዬን ላስተካክል አልኩ። ተስተካከለ። ሳሉ ሲለቀኝ ስለቱም አብሮ ለቀቀኝ። ግን አንድም ቀን "ትቼዋለሁ" ብዬ አላውቅም። ሁሌ "እሄዳለሁ" ነው የምለው። አሁን ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው።

ነርሷ ያኔ ደጋግማ ታስጠነቅቀኝ ነበር። ሳል ሲቆም፣ ኪሎ ሲመለስ፣ ሰው የዳነ ይመስለዋል። ክኒኑን ያቆማል። በሽታው ግን ውስጥ አለ፤ ሲመለስም መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመጣ ይችላል። ይህን ሰምቼ ለራሴ ነፍስ 6 ወር ሙሉ ታማኝ ሆንኩ። ለፈጣሪ የገባሁትን ቃል ግን በተሻለኝ ማግስት አቆምኩት።

ያዕቆብም እንዲሁ ነበር። ቤቴል ላይ ድንጋይ ተንተርሶ ባደረበት ሌሊት ተሳለ። 20 ዓመት በአጎቱ ቤት ኖረ፣ ከበረ። ሲመለስ እንኳ ሴኬም ላይ መሬት ገዝቶ ድንኳኑን ተከለ። ቤቱ ከታመሰ በኋላ ነው "ተነሥተህ ወደ ቤቴል ውጣ" የተባለው። ተቆጥቶ አልተጣለም፤ ውጣ ነው የተባለው። ይሄ ቃል ልቤን ይነካዋል።

እሑድ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ጋ አደረሱኝ። ምን እንደምል ጠፋኝ። "እንዴት ዋሉ አባባ?" ብዬ ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። በኋላ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ለሰላምታ መስሎኝ ነበር። "ልጄ፣ ጥፍሬ አደገ፤ ዓይኔ አያይልኝም" አሉ። ከነርሶቹ መቁረጫ ለመንኩ። ጥፍራቸው ወፍራምና ደረቅ ነው። እንዳላቆስላቸው እየፈራሁ በቀስታ ቆረጥኩ። የቀኝ እጃቸውን እንደጨረስኩ ሰዓት አለቀ ተባለ። የግራውን ለሚቀጥለው እሑድ አቆየነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጥፍር መቁረጫዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።