ለጠንካራ ኮክ የሚሆን ትኩስ ክራምብል

ክረምት ላይ በመደብ ተደርድሮ የሚሸጠው የአገራችን ኮክ ትንሽ፣ ጠንከር ያለና ኮምጠጥ የሚል ነው። ሥጋው ከዘሩ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት የኮክ ክራምብል አሠራሮች ግን በአብዛኛው የተጻፉት በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ ለሚሸጠው ትልቅና ለስላሳ ኮክ ነው፤ እሱ ገና ሲቆረጥ ጭማቂው ይንጠባጠባል። ያንን አሠራር እንዳለ ወስዶ በእኛ ኮክ የሚሠራ ሰው ላዩ የጠቆረ፣ ውስጡ ደግሞ ገና እንደ ጥሬ የሚንኮሻኮሽ ነገር ከኦቭን ያወጣል። ጥፋቱ የኮኩ አይደለም። እንዲያውም ኮምጣጣና ጠንካራ ኮክ ለመጋገር ከጣፋጩ የተሻለ ነው፤ ቅርጹን ይይዛል፣ ስኳሩም አያንገሸግሽም። የሚያስፈልገው የዱቄቱ ፍርፋሪ ከላዩ ከመነስነሱ በፊት ኮኩ ለብቻው ጥቂት መብሰሉ ብቻ ነው።

ክራምብል ማለት ከታች ፍራፍሬ፣ ከላይ ደግሞ በቅቤ የታሸ የዱቄትና የስኳር ፍርፋሪ ሆኖ የሚጋገር ትኩስ ጣፋጭ ነው። አሜሪካኖች የሚወዱት ኮብለር ዘመዱ ነው፤ እሱ ግን ከላይ የሚደረግለት በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋ ሊጥ ነው። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ብርሃን ለሚጋግር ሰው ምክራችን ክራምብል ነው። ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ በቤኪንግ ፓውደር የሚነፋ ሊጥ ቶሎ ያብጥና ሳይጠነክር ይሟሽሻል፤ የቤኪንግ ፓውደሩን መጠን በሩብ ያህል መቀነስ ያስፈልጋል። ክራምብል የሚነፋ ነገር ስለሌለበት ይህ ጣጣ የለበትም። ከፍታው ክራምብል ላይ የሚያመጣው ችግር ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ፍራፍሬው ለመለስለስ፣ ጭማቂውም ለመወፈር ጊዜ ይወስዳል። ባሕር ጠለል አጠገብ 35 ደቂቃ የሚበቃው እዚህ 45 እና 50 ደቂቃ ይፈልጋል።

ኮክ ስትመርጡ ቅላቱ አያታልላችሁ። ቅላት የሚመጣው ከዝርያውና ፀሐይ ካገኘው ጎን ነው እንጂ ከመብሰል አይደለም። የሚታየው ከቅላቱ ሥር ያለው የቆዳው መልክ ነው፤ አረንጓዴው ለቆ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ክሬም መልክ ካደላ በስሏል። ጫፉ ላይ፣ ዘንጉ የነበረበት ቦታ አካባቢ፣ በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ትንሽ እጅ ከሰጠና አፍንጫ ላይ ከሸተተ ደግሞ ጥሩ ነው። ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነውን አትግዙ፤ ቢቀመጥ ይለሰልስ ይሆናል፣ ጣፋጭነቱ ግን አይጨምርም። ግማሽ በግማሽ የበሰለውን ከአንድ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ከፍሪጅ ውጭ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን አቆዩት። ሳይበስል ፍሪጅ የገባ ኮክ ሥጋው ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ይህ ደግሞ በመጋገር አይስተካከልም። ፍሪጅ የሚገባው ከበሰለ በኋላ ነው።

ለስድስት ሰው 1.2 ኪሎ ኮክ ግዙ። ዘሩና የተበላሸው ሲወጣ ከ900 ግራም እስከ አንድ ኪሎ ይቀራል። በደንብ የበሰለ ኮክ በፈላ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ቆይቶ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቆዳው በጣት ይገፈፋል። ያልበሰለው ግን በዚህ መንገድ አይላጥም፤ በቢላዋ መላጥ ወይም ከነቆዳው መጠቀም ነው። ከነቆዳው ከሆነ ፀጉሩን በእርጥብ ጨርቅ እሽት አድርጋችሁ ማጠብ አትርሱ። ቆዳው ሲበስል ለጭማቂው የሚያምር ሮዝ መልክ ስለሚሰጥ እኛ ባይላጥ እንመርጣለን። አቆራረጡም ላይ ትግል አያስፈልግም። ኮኩን ለሁለት ገምሶ ዘሩን ለመፈልቀቅ መሞከር ሥጋውን ከማፍረስ በቀር ትርፍ የለውም። ከላይ እስከ ታች ቢላዋውን እስከ ዘሩ አስገቡ፣ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ፈቀቅ ብላችሁ ደግማችሁ አስገቡ፣ መሃሉን ከዘሩ ጋር እየተጠጋችሁ አንሱት። እንዲህ እየዞራችሁ ስትቆርጡ ዘሩ ለብቻው ይቀራል። ዘሩን ጣሉት። ሰባብረው በውስጡ ያለውን ለውዝ መሰል ነገር ለመዓዛ ብለው የሚጨምሩ አሉ፤ እሱ ሆድ ውስጥ ሲገባ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ስላለው አይሞከርም።

ለተቆረጠው አንድ ኪሎ ኮክ የሚገባው ከ80 እስከ 120 ግራም ስኳር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሳይሞላ ኮርን ፍላወር (ጭማቂ የሚያወፍረው ነጭ የበቆሎ ስታርች)፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ቁንጥጫ ጨው ነው። ስኳሩን ለመወሰን አንድ ቁራጭ ቅመሱ። ፊት የሚያስጨማድድ ከሆነ 120፣ እንዲሁ የሚበላ ከሆነ 80 ይበቃል። ለቅመም አዲስ የተወቀጠ ኮረሪማ ሩብ የሻይ ማንኪያ አድርጉ። ቀረፋ የተለመደ ቢሆንም የእኛን ኮክ ስስ መዓዛ ይውጠዋል፤ ከወደዳችሁት ከሩብ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። ቅርንፉድ ግን ከነአካቴው አይግባበት።

አሁን ዋናው ሥራ። ኮኩን ከስኳሩ፣ ከጨውና ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር ሰፋ ባለ ድስት አድርጋችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ፣ በመካከለኛ እሳት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ አብስሉት። አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ አማስሉ፤ ከበዛ ይፈርሳል። ሹካ ሲወጋው ትንሽ እየታገለ የሚገባ ሲሆን አውርዱት፤ ቀሪውን ኦቭኑ ይጨርሰዋል። ሎሚው የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። አሲድ ፍራፍሬ ቶሎ እንዳይለሰልስ ስለሚያደርግ ጠንካራ ኮክ ላይ ከመጀመሪያው ሎሚ መጭመቅ ማለት የማብሰያውን ጊዜ ማራዘም ነው። ኮርን ፍላወሩን በሎሚው ጭማቂና በአንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና ከኮረሪማው ጋር አዋሕዱት፤ ደረቁን ከጨመራችሁ ይጓጉላል። ኮኩ ቀድሞውኑ የበሰለና ለስላሳ ከሆነ ግን ድስቱን እለፉት። በስኳር ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡ፣ የወጣውን ጭማቂ አጥልላችሁ ለብቻው በእሳት ላይ ግማሽ እስኪሆን አፍሉ፣ መልሳችሁ አዋሕዱ።

ለፍርፋሪው 150 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 50 ግራም አጃ፣ 90 ግራም ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና 100 ግራም ከፍሪጅ የወጣ የገበታ ቅቤ ያስፈልጋል። ከዱቄቱ 50 ግራሙን በጤፍ ዱቄት ብትለውጡት ይበልጥ ያምራል። ፍርፋሪ እንደ ዳቦ መለጠጥ ስለማይፈልግ ጤፍ እዚህ ቦታው ነው፤ ይንኮሻኮሻል፣ የተቆላ ነገር ጣዕምም ይሰጣል። ቅቤውን በትንንሹ ቆራርጣችሁ በዱቄቱ ላይ በትኑና በጣት ጫፍ እሹት። በመዳፍ አይሁን፤ መዳፍ ይሞቃል፣ ቅቤው ይቀልጣል፣ ዱቄቱም ሊጥ ይሆናል። መቆም ያለባችሁ ገሚሱ እንደ እርጥብ አሸዋ፣ ገሚሱ ደግሞ ሽንብራ የሚያህል ጓል ሲሆን ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ደቃቅ ከሆነ ሲጋገር እንደ ክዳን ይደርቃል። ስኳሩንና አጃውን በመጨረሻ ጨምራችሁ 20 ደቂቃ ፍሪጅ አስገቡት።

ስለ ቅቤው አንድ ነገር። ንጥር ቅቤ አይሆንም። እርዱና ኮሰረቱ ወጥ ወጥ ያሰኘዋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በቤት ሙቀት ቶሎ ስለሚቀልጥ ጓል አይሠራም። ለጋ ቅቤ ካላችሁ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ አጥባችሁ፣ ውሃውን ጨምቃችሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ አጠንክራችሁ መጠቀም ይቻላል። ሽታ የጀመረው ግን በሙቀት ይብስበታል እንጂ አይጠፋም።

ዕቃው 20 በ25 ሴንቲሜትር የሆነ፣ አምስት ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው የፓይሬክስ ወይም የሸክላ ሳህን ይሁን። በየቤቱ የማይጠፋው የአሉሚኒየም ትሪ ለኬክ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን አይመከርም። የኮኩና የሎሚው አሲድ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ጭማቂው ይጠቁራል፣ የብረት ጣዕምም ያመጣል። ሌላ ከሌለ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉበት።

ኦቭኑን ቀድማችሁ 190 ዲግሪ አሙቁ፤ ማራገቢያ ያለው ከሆነ 175 ይበቃዋል። ኮኩን ገልብጡ፣ ፍርፋሪውን ሳትጫኑ በላዩ በትኑ። የሚጫነው ብዙ ሰው ነው፤ ተጭኖ የተጠቀጠቀ ፍርፋሪ እንፋሎቱን አፍኖ ከታች በኩል ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ኮኩ በድስት የበሰለ ከሆነ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ፣ በቀጥታ ከገባ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይፈጃል። ከሰዓቱ ይልቅ ግን ሳህኑን እዩ። ጠርዙ ላይ መንተክተክ ቶሎ ይጀምራል፤ የሚጠበቀው መሃሉ ነው። መሃሉ ላይ ጭማቂው በፍርፋሪው መካከል ወፈር ብሎ ቀስ እያለ እየተንተከተከ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ካልቆየ ኮርን ፍላወሩ ሥራውን አልጨረሰም፤ ከፍታ ላይ ደግሞ ይህን ማሳጠር አይቻልም። ላዩ ቀድሞ ከቀላ በፎይል ሸፈን አድርጉት፣ ጥግ ጥጉን ግን ክፍት ተዉለት።

ከወጣ በኋላ 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጥ። ወዲያው የተቆረጠ ክራምብል ሁልጊዜ ውሃ ይመስላል፤ የሚወፍረው በረድ ሲል ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላም ውሃ ከሆነ ወይ ቶሎ ወጥቷል፣ ወይ ኮርን ፍላወሩ አንሷል። 15 ደቂቃ መልሶ መጋገር ብዙውን ጊዜ ያድነዋል። ላዩ ዘይት የሚያዥ ከሆነ ቅቤው ሞቆ ነበር ወይም ኦቭኑ በደንብ ሳይግል ገብቷል። ዱቄት ዱቄት የሚል ከሆነ ደግሞ ቅቤው አንሷል ወይም አልተዳረሰም።

ኮክ በብዛት የሚገኝበት ወቅት ከፍልሰታ ጋር ስለሚገጥም የጾሙን አሠራር መያዝ ግድ ነው። ጾሙ ነሐሴ 1 ገብቶ ነሐሴ 16 ስለሚፈታ ቅቤው እስኪፈቀድ መጠበቅ ኮኩን ማሳለፍ ሊሆን ይችላል። በቅቤው ፋንታ 75 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አምስት የሾርባ ማንኪያ፣ የሱፍ ዘይት ተጠቀሙ። ዘይት ጓል ስለማይሠራ በአጃው ምትክ ደቀቅ ደቀቅ ተደርጎ የተወቀጠ የተቆላ ኦቾሎኒ 50 ግራም ጨምሩ። ዘይቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በማንኪያ በማንኪያ እያፈሰሳችሁ በሹካ አዋሕዱ፤ በመጨረሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ርጩበትና በጣት ጠቅለል አድርጉት። ውሃዋ ናት ጓሉን የምትሠራው። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ስለሚበረታ ኮኩን ይሸፍነዋል። የዳቦ ቅቤ (ማርጋሪን) የምትጠቀሙ ከሆነ ወተት እንዳይኖርበት ማሸጊያውን አንብቡ።

ኦቭን የሌለው ወይም መብራት የሄደበት ሰው ሁለቱን ለየብቻ ይሥራቸው። ኮኩ ኮርን ፍላወሩ ከገባ በኋላ በድስት እየተንተከተከ እስኪወፍር ይቆይ፤ በጠቅላላው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ፍርፋሪውን ያለ ስኳሩ በሰፊ መጥበሻ ላይ በለስላሳ እሳት እያገላበጣችሁ ስምንት ደቂቃ ያህል ቁሉት፤ ስኳሩን ከዚያ ጨምራችሁ ሌላ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ። ስኳር ከመጀመሪያ ከገባ ዱቄቱ ሳይበስል ያራል። ፍርፋሪው የሚነሰነሰው ኮኩ በየሳህኑ ከተጨለፈ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከተደረገ ይርሳል።

በቆርቆሮ በታሸገ ኮክም ይሠራል። ሽሮፑን አጥልላችሁ ጣሉ፣ በድስት ማብሰሉን ተዉት፣ ስኳሩን ወደ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አውርዱ፣ ሎሚውን ግን እጥፍ አድርጉ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ በረዶ ቤት ያለውን የተቆረጠ ኮክ ስትጠቀሙ አስቀድማችሁ አቅልጡት፤ የወጣውን ውሃ አትድፉት፣ አፍልታችሁ ግማሽ እስኪሆን አወፍሩት፤ የኮኩ ጣዕም ያለው እዚያ ነው።

ለማቅረብ ያልጣፈጠ ወፍራም እርጎ ከአይስክሬም ይሻላል፤ ኮምጠጥ ማለቱ የፍርፋሪውን ስኳር ያስተካክላል። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል። ሲሞቅ በማይክሮዌቭ ሳይሆን በ160 ዲግሪ ኦቭን 15 ደቂቃ ይሁን፤ ማይክሮዌቭ ፍርፋሪውን ያለሰልሰዋል። ያልተጋገረ ፍርፋሪ ደግሞ በፌስታል ታስሮ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር ይቀመጣል፤ ሳይቀልጥ በቀጥታ ኮኩ ላይ ተበትኖ ይጋገራል።