ሳይጋገር የቀረው ሊጥ

ዛሬ ሥራ አልገባሁም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የጎረቤታችን የእትዬ አስም ተነስቶ ድንገተኛ ክፍል ይዘናቸው ሄድን። አሁን ደህና ናቸው፤ ተመስገን!

እትዬ የሚተዳደሩት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ነው። በእንጨት። ጭሱ አስሙን ይቀሰቅስባቸዋል፤ ምጣዱን ቢተዉት ደግሞ ቤቱ ምን ይበላል?

ኦክስጅን ተደርጎላቸው እንኳ የሚያስቡት ስለቦካው ሊጥ ነበር። ሳይጋገር ቀረ። ደንበኞቻቸው ሌላ ቦታ ገዙ። ልጃቸው የቀን ሠራተኛ ነው፤ አልሄደም፣ የዕለቱ ገንዘብ ቀረበት። ትንሿም ከትምህርት ቤት ቀረች። የኮንትራት ታክሲው፣ ካርዱና መድኃኒቱ ሳይቆጠር ነው ይሄ።

በጣም የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ሐኪሟ "የመከላከያውን ፓፍ (በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት) በየቀኑ ይወስዳሉ?" ስትላቸው አንገታቸውን ደፉ። የሚገዙት ሲያፍናቸው የሚስቡትን ሳልቡታሞል ብቻ ነው። እሱ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ለጊዜው ይከፍታል እንጂ ውስጡ ያለውን ብግነት (መቆጣትና ማበጥ) አያክምም። ብግነቱን የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው የመከላከያ ፓፍ ነው። እሱን ሻል ሲላቸው፣ ብርም ሲያጥራቸው አቋረጡት። አልፈርድባቸውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. 262 ሚሊዮን ሰው አስም እንደነበረበት ይገምታል። እኔ ያየሁት የአንዷን ሌሊት ብቻ ነው።

ሁለቱንም ፓፍ ገዝተንላቸዋል። የሰፈር ልጆች ደግሞ ለኤሌክትሪክ ምጣድ እያዋጣን ነው። ማገዝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አውሩኝ።